ህዋስን ሳያቀልሙ ማየት፦ ስለ ኬሚካዊ ትስስር ምስል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሕያው ህዋስን ሳይገድል፣ ቀለም ሳይቀባ፣ በውስጡ ያሉትን ሞለኪውሎች በኬሚካዊ ትስስራቸው ለይቶ ስለሚያሳየው፣ በሁለት ሌዘሮች ስለሚሠራውና ስቲሙሌትድ ራማን ስለሚባለው የማይክሮስኮፕ ዘዴ በተናገርኩ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ከተማሪዎቼ የሚመጡ አሉ፤ ወደ ጥቁር አንበሳ ወርጄ ከማገኛቸው ሐኪሞች የሚመጡም አሉ። በየጊዜው ወረቀት ጀርባ ላይ እየሣልኩ ከማስረዳ አንድ ቦታ ላይ ባሰፍረው ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍኩ። ክፍል ውስጥ "ቦንድ" የምንለውን እዚህ "ትስስር" ብዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትስስሩ ራሱ በዓይን ይታያል ማለት ነው?

አይታይም፤ ይህን ከመጀመሪያው ማጥራት እፈልጋለሁ። ብዙዎች በአእምሯቸው ይዘው የሚመጡት በ2009 ዙሪክ ከሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ የወጣውን የፔንታሲን ሞለኪውል ምስል ነው። አምስቱ የካርቦን ቀለበቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሥራው ድንቅ ነው። ነገር ግን የተሠራው አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ፣ ከፍጹም ዜሮ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ በሚል ቅዝቃዜ፣ ሞለኪውሏን በእጅግ ሹል መርፌ እየዳሰሱ ነው። ሕያው ህዋስ እዚያ ቢገባ በሕይወት አይቆይም።

እኛ በምንነጋገርበት ዘዴ አንዲት የምስል ነጥብ ወደ 300 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ትሰፋለች። ቀይ የደም ህዋስ ከሰባት እስከ ስምንት ማይክሮሜትር (አንዱ ማይክሮሜትር 1000 ናኖሜትር ነው) ስለሚሆን፣ በወርዱ ላይ ሃያ አምስት ያህል ነጥቦች ይደረደሩበታል። ነጥቧ ያረፈችው በስብ ጠብታ ላይ ከሆነ በውስጧ ያሉት ትስስሮች በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ስለዚህ ምስሉ የሚነግረን "እዚህ ቦታ ላይ የዚህ ዓይነት ትስስር ይህን ያህል አለ" ብሎ ነው። ለሕክምና ምርምር ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ታዲያ አንዱ ትስስር ከሌላው በምን ይለያል?

በንዝረቱ። ክራር የያዘ ሰው ይህን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። አውታሩ ወፍራም ሲሆን ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ቀጭን ሲሆን ይቀጥናል፤ ሲወጠር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። በሞለኪውል ውስጥ የአውታሩን ውፍረት የሚተካው የአቶሞቹ ክብደት ነው፤ የአውታሩን መወጠር የሚተካው የትስስሩ ጥንካሬ ነው። ሃይድሮጂን ከአቶሞች ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ ካርቦንና ሃይድሮጂን የተያያዙበት ትስስር ከፍ ባለ ድምፅ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ከፍታ የምንለካው በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ሞገድ እንደሚገባ በመቁጠር ነው። የስብ ሞለኪውል ረጅም ጭራ፣ እያንዳንዱ ካርቦን ሁለት ሃይድሮጂን የያዘበት ሰንሰለት ነው፤ የእርሱ ቦታ 2845 ነው። ካርቦን ሦስት ሃይድሮጂን የያዘባቸው ጫፎች በፕሮቲን ላይ ይበዛሉ፤ እነርሱ 2930 አካባቢ ይሰማሉ። ውሃ ከ3200 ጀምሮ ሰፊ ቦታ ይይዛል። 2845ን ወደ ጊዜ ብንመልሰው በሴኮንድ 85 ትሪሊዮን ጊዜ መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ከነዜሮዎቹ ስጽፈው ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔም እስካሁን አልለመድኩትም።

ራማን የሚባለው ምንድን ነው?

የሰው ስም ነው። ብርሃን ሞለኪውል ላይ ሲያርፍ አብዛኛው ቀለሙን ሳይለውጥ ይበተናል። ከአሥር ሚሊዮን ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) አንዱ ያህል ግን ጉልበቱን በከፊል ለትስስሩ ንዝረት ሰጥቶ፣ ትንሽ ወደ ቀይ አዘንብሎ ይወጣል። ምን ያህል እንዳዘነበለ ከለካን የትኛው ትስስር እንደተንቀጠቀጠ እናውቃለን። ይህን በ1928 ካልካታ ውስጥ ያዩት ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማንና አብሯቸው የሠራው ክሪሽናን ናቸው። በዚያው ዓመት ሞስኮ ላይ ላንድስበርግና ማንደልስታም ተመሳሳዩን ነገር በክሪስታል ውስጥ አይተውታል። ራማን በ1930 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ።

ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማነሣው ግን ሽልማቱን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የብርሃኑ ምንጭ ፀሐይ ነበረች፤ ቀለሙን የሚለዩት ባለቀለም ማጣሪያዎች ነበሩ፤ መለኪያው የሰው ዓይን ነበር። ካልካታ በዚያን ጊዜ በቅኝ ግዛት ሥር የነበረች ከተማ ናት። ፀሐይ እኛም ጋ አለች።

ለምን ሁለት ሌዘር ያስፈልጋል? አንዱ አይበቃም?

አንዱ ይበቃል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈጃል። ከአሥር ሚሊዮን አንድ ፎቶን እየለቀሙ የአንድ ህዋስ ምስል ለመሙላት ብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይወስዳል። ህዋስ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

እንደገና ወደ ክራሩ ልመለስ። ሁለት ክራሮችን እኩል ለማድረግ የሚቃኝ ሰው ሁለቱን አውታሮች አንድ ላይ ሲመታቸው፣ ድምፃቸው ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ይሰማል። ያ ከፍ ዝቅታ የሁለቱ ድምፆች ልዩነት ነው። ሁለት ሌዘሮችን በአንድ ነጥብ ላይ ስናሳርፋቸውም እንዲሁ ይሆናል። የአንዱን የሞገድ ርዝመት 817 ናኖሜትር፣ የሌላውን 1064 ናኖሜትር ገደማ ብናደርግ የሁለቱ ልዩነት 2845 አካባቢ ላይ ይወድቃል። በዚያ ነጥብ ውስጥ ስብ ካለ፣ የስቡ ትስስሮች ሁሉ በአንድነት፣ እንደ ዘማሪ ጓድ በአንድ ምት መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ስብ ከሌለ ምንም አይሆንም። የመጀመሪያውን ሌዘር ጥቂት ብንቀይረው ልዩነቱ 2930 ይሆንና ፕሮቲኑ ይነሣል።

ትስስሮቹ ሲነሡ አንደኛው ሌዘር ጥቂት ብርሃን ያጣል፣ ሁለተኛው ያንኑ ያህል ያገኛል። የሚጎድለው እጅግ ትንሽ ነው፤ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ወይም ከዚያ በታች። እንዴት ይለካል? ሁለተኛውን ሌዘር በሴኮንድ በሚሊዮን በሚቆጠር ጊዜ እያበራንና እያጠፋን፣ በመጀመሪያው ላይ በዚያው ምት የሚመጣውን ጉድለት ብቻ እንፈልጋለን። አራት ኪሎ አደባባይ ላይ በመኪናው ጩኸት መካከል አንድ ሰው ከበሮ ቢመታ፣ ምቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ጆሮ ለይቶ ያወጣዋል፤ የእኛም መሣሪያ የሚሠራው እንደዚያ ነው።

ክስተቱን ዉድበሪና ንግ ያገኙት በ1962 ነው። በሕያው ህዋስ ላይ ምስል የሚያወጣ ማይክሮስኮፕ ሆኖ የቀረበው በ2008፣ በሃርቫርድ የሳኒ ሺዬ ቡድን ሥራ ነው። ከዚያ በፊት በ1999 የወጣው ካርስ የሚባለው ዘዴ መንገዱን ቢጠርግም፣ ትስስሩ በሌለበትም ቦታ የሚያበራ የጀርባ ብርሃን ስለነበረበት ምስሉን ማንበብ ያስቸግር ነበር።

ማቅለም ምን ክፋት አለው? ለመቶ ዓመት ስንጠቀምበት ኖረናል።

ይህን የሚጠይቁኝ በአብዛኛው የፓቶሎጂ ሰዎች ናቸው። ልክ ናቸውም፤ ማቅለሚያ ባይኖር ዘመናዊ የካንሰር ምርመራ አይኖርም ነበር። እኔን ያሳመነኝ አንድ ስላይድ ነው።

አንዲት የሕክምና ተማሪ የጡት ናሙና ያለበትን ስላይድ ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ሐምራዊና ሮዝ ህዋሳት፣ በመካከላቸው ደግሞ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን የተደረደሩ ነጫጭ ክብ ቀዳዳዎች። "እነዚህ ባዶ ቦታዎች ምንድን ናቸው?" አልኳት። "ባዶ አይደሉም፤ የስብ ህዋሳት ናቸው። ስቡ በዝግጅት ጊዜ ታጥቦ ወጥቷል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ናሙናው እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ይጠበቃል፣ በአልኮልና በዛይሊን ውስጥ ያልፋል፣ ሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ አልኮሉና ዛይሊኑ ስቡን አሟሙተው ይወስዱታል። የምናየው የስቡን መቃብር ነው። ትስስርን የሚከተለው ማይክሮስኮፕ ያልታጠበውን ትኩስ ናሙና ስለሚያይ፣ እነዚያ ቀዳዳዎች በምስሉ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያበሩ ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የመጠን ጉዳይ ነው። በሕያው ህዋስ ውስጥ ፕሮቲንን ለመከተል ከጄሊፊሽ የተገኘው አረንጓዴ ፕሮቲን እጅግ ጠቅሟል፤ በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ክብደቱ የግሉኮስን 150 እጥፍ ያህል ነው። ግሉኮስ ወይም ኮሌስትሮል ላይ እርሱን ማሠር፣ አንድ የቡና ፍሬ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ከጆንያ ጋር አስሮ መልቀቅ ነው። ከዚያ በኋላ የምንከተለው ጆንያውን ነው።

ስብን ከስብስ ይለያል?

ይለያል፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ክፍል ነው። በክረምት ጠዋት ቅቤው ድንጋይ ሲሆን የኑግ ዘይቱ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ውሃ ይፈስሳል። የኑግ ዘይት ሦስት አራተኛ ገደማው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ በሰንሰለቱ ላይ ካርቦን ከካርቦን በድርብ የተያያዘባቸው ሁለት ቦታዎች አሉት። በእነዚያ ቦታዎች ሰንሰለቱ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ደግሞ እንደ ቀጥ ያለው ተጠጋግቶ አይደረደርም፣ ስለዚህ አይረጋም። ቅቤ ውስጥ ድርብ ትስስር ቢኖርም ከኑግ እጅግ ያንሳል። ድርብ ትስስሩ 1655 አካባቢ የራሱ ድምፅ አለው። ኑግና ቅቤን ጎን ለጎን አስቀምጦ በዚያ ድምፅ ቢያዩአቸው ኑጉ ያበራል፣ ቅቤው ይደበዝዛል።

ህዋስም ስቡን እንደ ቅቤ ወይም እንደ ኑግ ማስቀመጥ ይችላል፤ ምርጫውም ስለ ህዋሱ ይናገራል። የእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰርን እንደገና የሚያስነሡት ግንድ ህዋሳት ከሌሎቹ የበለጠ ድርብ ትስስር ያለው ስብ እንደሚይዙ በዚሁ ዘዴ ታይቷል። በፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ የኮሌስትሮል ክምችት ተገኝቷል፤ ያም የወጣው በ2014 ነው።

ከስብና ከፕሮቲን ውጭ ያለ አንድ የተወሰነ ሞለኪውልን መከተል ይቻላል?

ይቻላል። ዘዴው ሃይድሮጂኑን በከባዱ ወንድሙ በዲዩተሪየም መተካት ነው። ሃሮልድ ዩሪ ዲዩተሪየምን ያገኘው በ1931 ነው። ኬሚስትሪው ብዙም አይለወጥም፣ ክብደቱ ግን እጥፍ ነው። አሁን ወረቀትና እርሳስ አንሡ። የንዝረቱ ከፍታ የተቀናሰ ክብደት (የሁለቱ አቶሞች ክብደት ብዜት ሲካፈል ለድምራቸው) ከሚባለው ካሬ ሥር ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ለካርቦንና ሃይድሮጂን የተቀናሰው ክብደት 12 ሲካፈል ለ13 ነው፣ 0.92። ለካርቦንና ዲዩተሪየም 24 ሲካፈል ለ14 ነው፣ 1.71። የሁለቱ ውድር ካሬ ሥር 1.36 ይሆናል። 2900ን በ1.36 ስናካፍል 2130 ገደማ ላይ እንደርሳለን። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው፤ መሣሪያውም የሚያሳየው እዚያው አካባቢ ነው።

ዋናው ነገር ግን ያረፈበት ቦታ ነው። ከ1800 እስከ 2700 ባለው ክልል ህዋስ በተፈጥሮው ዝም ይላል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዲዩተሪየም ያለበትን ግሉኮስ ወይም አሚኖ አሲድ ለህዋሱ አብልተን በ2130 አካባቢ ብንመለከት፣ የምናየው ያበላነውን ብቻ ነው፤ የት እንደደረሰ፣ ወደ ስብ ተለወጠ ወይስ ወደ ፕሮቲን፣ በስንት ሰዓት። ካርቦንና ካርቦን በሦስት እጥፍ የተያያዙባት ትንሽ ምልክትም በዚሁ ጸጥተኛ ክልል ትሰማለች፤ ሁለት አቶም ብቻ ስለሆነች ጆንያ አትሆንም።

ሌዘሩ ህዋሱን አያቃጥለውም?

በልክ ከተያዘ አያቃጥለውም። ከ800 እስከ 1064 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ውሃም ሆነ አብዛኛው የህዋስ ክፍል እምብዛም አይመጥጠውም፤ ጨረሩም አንድ ነጥብ ላይ የሚቆየው ለአፍታ ነው። ጠንቀቅ ማለት የሚገባው ሜላኒን፣ ሄሞግሎቢን ወይም የወባ ተውሳክ የሚተወው ጥቁር ቀለም ባለበት ናሙና ላይ ነው፤ እነዚህ ብርሃንን ይመጥጣሉ፣ ይሞቃሉ።

ለታማሚው ምን አመጣ?

ከሁሉ የገፋው በአእምሮ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የቆረጠው ሥጋ ዕጢ ይሁን ጤነኛ ማወቅ አለበት፤ ሕመምተኛው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። በተለመደው መንገድ ናሙናው ቀዝቅዞ፣ ተቆርጦ፣ ቀለም ገብቶ ውጤቱ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። በ2020 በወጣ ጥናት ላይ 278 ሕመምተኞች ተካፍለው ነበር። ያልቀለመው ናሙና እዚያው ቀዶ ክፍል አጠገብ በዚህ ማይክሮስኮፕ ታየ፣ ምስሉን ኮምፒውተር አነበበው፤ ውጤቱ ከ150 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ደረሰ። የኮምፒውተሩ ትክክለኛነት 94.6 በመቶ፣ የተለመደው ዘዴ ከፓቶሎጂ ሐኪም ጋር 93.9 በመቶ ነበር። አንድ ፓቶሎጂ ሐኪም ብዙ ሆስፒታል በሚጠብቅበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

ሁለተኛው አንቲባዮቲክን የሚመለከት ነው። ባክቴሪያውን ዲዩተሪየም ባለበት ከባድ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ መድኃኒቱን ይጨምሩበታል። መድኃኒቱ ካልጎዳው ይመገባል፣ ዲዩተሪየሙን ከራሱ ጋር ያዋህዳል፣ 2130 አካባቢ ያበራል። መድኃኒቱ ከሠራበት ይጨልማል። በሽንትና በደም ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ላይ በሁለት ሰዓት ተኩል መልስ የተገኘበት ሥራ አለ፤ በማብቀል የሚደረገው ምርመራ ቀናት ይፈልጋል። ለቲቢስ እንዴት ነው የሚሉኝ አሉ። የቲቢ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመከፈል ወደ ሃያ ሰዓት ስለሚወስድበት ያን ፍጥነት ከእርሱ መጠበቅ አይገባም።

ድክመቱ ምንድን ነው?

መጠኑ ጥቂት የሆነን ነገር አያይም። ጤነኛ ሰው በደሙ ውስጥ በሊትር አምስት ሚሊሞል ያህል ግሉኮስ አለው፤ ያ እንኳ ለዚህ ማይክሮስኮፕ ወደ ድንበሩ የተጠጋ ነው። በሚሊዮን ጊዜ የሚቀጥን ሆርሞን ፈጽሞ አይታየውም። እዚያ ፍሎረሰንስ (በሚያበራ ምልክት ማየት) ይበልጠዋል፣ ያለ ክርክር። በጥልቀትም ወደ ሥጋ ውስጥ ከሚሊሜትር ሲሶ ብዙ አያልፍም። ዋጋው በመቶ ሺዎች ዶላር ይቆጠራል።

እዚህ ሆነን ምን መሥራት እንችላለን?

አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከውጭ የመጣ መሣሪያ፣ አንዲት መለዋወጫ በመጥፋቷ ብቻ ሁለት ዓመት ሽፋኑ ሳይነሣ ሲቀመጥ አይቻለሁ። በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ ልቤ ይደማ ነበር። ስለዚህ ትልቁን ማሽን አምጥተን እንጀምር አልልም። አንድ አረንጓዴ ሌዘር፣ ማጣሪያና ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በቀለሙ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ቡድን የኑግንና የቅቤን ልዩነት በራሱ መለካት ይችላል፤ ቅቤ በሚደባለቅባት ከተማ ይህ የልምምድ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የምስል መረጃን ማንበብ የሚፈልገው ኮምፒውተርና ሒሳብ ነው። ምልክት የሚሆኑትን ሞለኪውሎች መሥራት የኬሚስትሪ ሥራ ነው፤ ጎበዝ ኬሚስቶች አሉን። ከውጭ ቡድን ጋር ለመሥራት ስንሄድ የራሳችንን ጥያቄ ይዘን እንሂድ።

የእርስዎ ጥያቄ ምን ይሆን ነበር?

እንዶድ። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በአክሊሉ ለማ ስም የተሰየመው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬም ልደታ፣ ሰፈረ ሰላም ይገኛል። አረፋ የሚያወጣው የእንዶድ ሳፖኒን ነው፤ ሳፖኒን ደግሞ በህዋስ ሽፋን ላይ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ይያያዛል።

የቀንድ አውጣውን ትኩስ ህዋስ ያለ ቀለም በማይክሮስኮፑ ሥር አድርጌ፣ ሌዘሮቹን 2845 ላይ አቃናለሁ። የስቡ ሽፋን እንደ ቀጭን ብሩህ መስመር ይታያል። ከዚያ አንዲት ጠብታ የእንዶድ ውሃ እጨምራለሁ፤ መስመሩ መጀመሪያ የሚበጠሰው የት እንደሆነ፣ ከስንት ሴኮንድ በኋላ እንደሆነ፣ ህዋሱ እየኖረ ሳለ አያለሁ።